ማንም ሳይነካው ሲነሳ ወዴት ይሂድ? ስለ ግራብ ነባሪ ምርጫ

ጥያቄዎን ሌሎችም እንዲከታተሉት ባጭሩ ልድገመው። የአንድ ማሠልጠኛ ተቋም የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነዎት። 22 ዴስክቶፖች አሉዎት፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ አብረው ተጭነዋል። ጠዋት የሒሳብ አያያዝ ሠልጣኞች ገብተው በዊንዶውስ ላይ ፒችትሪ ይለማመዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ፕሮግራም የሚማሩት ኡቡንቱን ይከፍታሉ። የጠዋቶቹ ቁጥር ስለሚበልጥ ኮምፒውተሩ ሲበራ የትኛው ስርዓት ይነሳ ብሎ በሚያስመርጠው ፕሮግራም፣ በግራብ፣ ማስተካከያ ፋይል ላይ ነባሪውን (ማንም ካልመረጠ የሚነሳውን) 2 ብለው ወሰኑ፤ ያኔ 2 ዊንዶውስ ነበር። ኡቡንቱን ከ22.04 ወደ 24.04 ባሳደጉ ማግስት ግን 22ቱም ኮምፒውተሮች ዊንዶውስን ትተው በሰማያዊ ገጽ የማህደረ ትውስታ ፍተሻ ጀመሩ። በዚያ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዶቹ የምርጫ ዝርዝሩን ዘርግተው ግማሽ ደቂቃ ይቆማሉ፤ ሌሎቹ በተለመደው 10 ሰከንድ ያልፋሉ። የትኛው ነባሪ ይሁን፣ እንዴትስ ይጽና ነው የሚሉት።

ኮምፒውተሮችዎ አልተሳሳቱም፤ የታዘዙትን ነው ያደረጉት። ግራብ ዝርዝሩን የሚቆጥረው ከዜሮ ጀምሮ ነው። በ22.04 ጊዜ ኡቡንቱ 0፣ የኡቡንቱ ተጨማሪ አማራጮች 1፣ ዊንዶውስ 2፣ ወደ ማዘርቦርዱ ቅንብር መግቢያው 3 ነበሩ። የማህደረ ትውስታ መፈተሻው ሜምቴስት በዝርዝሩ ላይ ያልነበረው፣ ያኔ የነበረው ትውልዱ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የማዘርቦርድ ማስነሻ ስልት) በሚነሳ ኮምፒውተር ላይ ስለማይሠራ ነው። አዲሱ ትውልድ ይሠራል። ስለዚህ በ24.04 ሁለት የሜምቴስት መስመሮች ገቡ፤ የገቡትም ከዊንዶውስ በፊት ነው። ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት ትንንሽ ፕሮግራሞች በስማቸው መጀመሪያ ላይ ባለው ቁጥር ተራ ይይዛሉና፤ 10 የሊኑክስ ነው፣ 20 የሜምቴስት፣ 30 የሌሎች ስርዓቶች፣ 40 እርስዎ ራስዎ ለሚጽፉት የተተወ። ዊንዶውስ ወደ 4 ወረደ፤ 2 የሜምቴስት ሆነ።

ወረፋ ላይ «ሦስተኛውን ሰው ጥሩልኝ» ብሎ እንደ ማዘዝ ነው። ሁለት ሰዎች መሃል ሲገቡ የሚመጣልዎ ሌላ ሰው ነው። በስሙ ቢያስጠሩት ኖሮ ወረፋው ቢረዝምም ቢያጥርም የሚመጣው ያው ሰው ነበር። አሁን 2ን ወደ 4 ቀይረው እንዲገላገሉ የሚመክሩዎ ይኖራሉ። ይቻላል፤ እስከሚቀጥለው ማሳደግ ድረስ።

የጥያቄዎ ከባዱ ክፍል ግን ይህ አይደለም። ከባዱ «የትኛው ነባሪ ይሁን» የሚለው ነው፤ እርስዎ ደግሞ በድምፅ ብልጫ ወሰኑት። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ዊንዶውስ ነው፣ ስለዚህ ነባሪው ዊንዶውስ ይሁን አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው ኪቦርዱ ፊት ከተቀመጠ ነባሪው ምንም ቢሆን ግድ የለውም፤ ቀስቱን ሁለት ጊዜ ተጭኖ የሚፈልገውን ይመርጣል። ነባሪው የሚሠራው ማንም በሌለበት ሰዓት ነው፤ መብራት ሲመለስ፣ ከርቀት ሲያስነሱት፣ ዝማኔ ራሱን ዘግቶ ሲከፍት። እናም መጠየቅ ያለበት «የቱን ስርዓት ብዙ ሰው ይወዳል» ሳይሆን «ከየትኛው ስርዓት ሆኜ ማሽኑን ሳልነካ ወደ ሌላው ልልከው እችላለሁ» የሚለው ነው።

መልሱ ኡቡንቱ ነው። ኡቡንቱ ላይ ሆነው ግራብን «የሚቀጥለውን አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ዊንዶውስ ሂድ» ብለው ማዘዝ ይችላሉ። ኤስኤስኤች (በኔትወርክ ከርቀት ማዘዣ) ካዘጋጁ ደግሞ ከአንድ ወንበር ሳይነሱ 22ቱንም ያዝዛሉ። ከዊንዶውስ ወደ ኡቡንቱ ለመመለስ ምንም ትእዛዝ አያስፈልግም፤ ዳግም ማስነሳት በቂ ነው፣ ነባሪው ራሱ ይወስደዋል። ተቃራኒውን ቢመርጡ፣ ማለትም ዊንዶውስ ነባሪ ቢሆን፣ በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ ሰው 22 ስክሪን ፊት እየዞረ ቀስት ሊጫን ነው። በዊንዶውስ በኩልም የማዘርቦርዱን ቅደም ተከተል ለአንድ ጊዜ የሚለውጥ ትእዛዝ አለ፤ ነገር ግን በየማሽኑ ረጅም መለያ ቁጥር መፈለግን ይጠይቃል፤ ለቤተ ሙከራ አይመችም።

በዚህ ምርጫ የሚከፈል ዋጋ የለም አልልም። ዊንዶውስ ትልቅ ዝማኔ ሲያደርግ ራሱን ደጋግሞ ያስነሳል፤ ነባሪው ኡቡንቱ ከሆነ በመሃል ተቋርጦ ኡቡንቱ ላይ ያርፋል። የተጀመረው ዝማኔ ዊንዶውስ በሚቀጥለው ሲከፈት ይቀጥላል እንጂ አይበላሽም፤ ግን ጠዋት ክፍል ውስጥ ሠልጣኞች ተቀምጠው «በመዘመን ላይ» የሚል ገጽ ቢያዩ ደስ አይልም። መፍትሔው የጥገና ቀን ማበጀት ነው። በዚያ ቀን ነባሪውን በአንድ ትእዛዝ ወደ ዊንዶውስ ያዞራሉ፤ ዝማኔው ሲያልቅ ይመልሱታል።

አሁን ወደ ሥራው። ትእዛዞቹን በድምፃቸው ነው የምጽፈው፤ ሲተይቡ በላቲን ትንንሽ ፊደላት፣ በቃላቱ መካከል ሰረዝ እያደረጉ፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይጻፉ። የግራብ ማስተካከያ ፋይል የሚገኘው ኢቲሲ ውስጥ ዲፎልት በተባለው ማህደር ነው፤ ስሙም ግራብ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ነባሪውን የሚወስነውን መስመር ይፈልጉና 2ን አጥፍተው «ሴቭድ» የሚለውን ቃል ይተኩ። ትርጉሙ «ነባሪው እዚህ አልተጻፈም፤ ለብቻው ከተቀመጠው ማስታወሻ አንብብ» ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ሴቭድ» ከተባለው ጋር ስሙ የሚመሳሰል ሌላ መስመር አለ፤ «ሴቭዲፎልት» ይባላል። ይህኛው ሲበራ ግራብ በዝርዝሩ ላይ የተመረጠውን ሁሉ እያስታወሰ፣ የመጨረሻውን ምርጫ ነባሪ ያደርገዋል። ለግል ላፕቶፕ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ያደሩበት ላይ ይነሳሉ፣ ከላይ ያልኩት የዝማኔ ችግርም በራሱ ይፈታል። ለጋራ ክፍል ግን አይሆንም። እኔ ራሴ አንድ ቦታ ስሠራ ለሠልጣኞች ይቀልላቸዋል ብዬ አብርቼው ነበር። በተግባር ፈተና ቀን ገብተን ሁሉንም ስናበራ ግማሹ በዊንዶውስ ግማሹ በኡቡንቱ ተነሳ፤ እያንዳንዱ ማሽን ትናንት መጨረሻ ላይ የተቀመጠበትን ሰው ፍላጎት ይዞ አደረ። ፈታኙ እያየን ነበር ዙር የጀመርነው። ስለዚህ «ሴቭድ» ይሁን፣ «ሴቭዲፎልት» አይሁን። ያኔ ማስታወሻውን የሚለውጠው የእርስዎ ትእዛዝ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ለዊንዶውስ ስም ያውጡለት። ግራብ በራሱ የሚሰጠው ስም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ርዕስ ነው፤ በውስጡ የዲስኩን መጠሪያ ስለሚይዝ ተጨማሪ ዲስክ ሲሰካ ሊለወጥ ይችላል። ሌላው የተደበቀ መለያ ነው፤ ይህ የማስነሻውን የዲስክ ክፍልፋይ መለያ ቁጥር ስለሚጨምር አይዋዥቅም፣ ሆኖም በየማሽኑ የተለያየ ነው። 22ቱ ዲስኮች ከአንድ ዲስክ የተገለበጡ ከሆኑ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ካልሆኑ 22 መለያ ሊይዙ ነው። ስለዚህ እኔ የምመርጠው የራስዎን መግቢያ በ40 በሚጀምረው ፋይል ውስጥ መጻፍ ነው። መስመሮቹ ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው ርዕሱን ይሰጣል፤ ከርዕሱ ቀጥሎ በሁለት ሰረዝ «አይዲ» ተብሎ የእርስዎ አጭር ስም ይከተላል፤ «ዊንላብ» እንበለው። ከዚያ በቅንፉ ውስጥ አንዱ መስመር በ«ሰርች» ትእዛዝ የማይክሮሶፍት ማስነሻ ፋይል ያለበትን ክፍልፋይ በፋይሉ ስም ይፈልጋል፤ ሌላው በ«ቼይንሎደር» ለዚያው ፋይል ሥራውን ያስረክባል። ፍለጋው በፋይል ስም ስለሆነ የዲስኩ ቁጥር ቢለዋወጥም ግድ የለም፤ ያው አንድ ጽሑፍ በ22ቱም ላይ ይሠራል። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ መቀመጡም አያሳስብዎ፤ በስም የሚጠራ ሰው ከወረፋው ጭራ ቢሆንም ይሰማል።

የራስዎን መግቢያ ካስገቡ ዊንዶውስ በዝርዝሩ ላይ ሁለት ጊዜ እንዳይታይ ኦኤስ-ፕሮበር የሚባለውን የሌሎች ስርዓቶች ፈላጊ ይዝጉት። የግራብ አዘጋጆችም እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 2.06 ጀምሮ ለደህንነት ሲሉ በነባሪ ዘግተውታል፤ ክፍልፋዮችን ሁሉ እየከፈተ የሚያይ ፕሮግራም ነውና። በሌሎች የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ «ዊንዶውስ ከዝርዝሩ ጠፋብኝ» የሚሉ ሰዎች ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ታዲያ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ኡቡንቱ ከተጫነ ጀምሮ ዝርዝሩን ደብቆ ወዲያው የመነሳት ልማድ አለው፤ በእርስዎ ማሽኖች ላይ 10 ሰከንድ የሚታየው ይህ ፈላጊ ሌላ ስርዓት ስላገኘ ነው። ፈላጊውን ሲዘጉ ዝርዝሩም አብሮ ይሰወራል። ስለዚህ በዚያው ማስተካከያ ፋይል ላይ የመታያ ስልቱን «ሜኑ»፣ የመጠበቂያ ጊዜውን 10 ብለው በግልጽ ይጻፉ። የመጠበቂያ ጊዜውን ከዜሮ በታች አንድ ማድረግ ለዘለዓለም ጠብቅ ማለት ነው፤ መብራት በሚመላለስበት አገር ይህን የሚጽፍ ሰው ማሽኑን ከርቀት እንደማያገኘው ይወቅ። ዝርዝሩ ላይ ቆጠራው እየሄደ ማንኛውም ቁልፍ ከተነካም ቆጠራው ይቆማል። ኪቦርድ ላይ ደብተር ጥሎ መሄድ እንኳ ይበቃል፤ ይህን ያወቅሁት ከአንድ ሰዓት በላይ ገመድ ስፈትሽ ከቆየሁ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ጽፈው ሲጨርሱ «አፕዴት-ግራብ» ይበሉ። ካላሉ የጻፉት ሁሉ ወረቀት ላይ እንደ ቀረ ይቆጠራል። ቀጥሎ «ግራብ-ሴት-ዲፎልት 0» ብለው ኡቡንቱን ነባሪ ያድርጉ። በስም ጥሩ ብዬ እዚህ በቁጥር መጥራቴን አይታዘቡኝ፤ 0 የወረፋው ፊት ነው፣ ከ10 ያነሰ ቁጥር ያለው ነገር ራስዎ ካልጨመሩ በቀር ማንም አይቀድመውም። ሁልጊዜም አዲሱን ከርነል (የኡቡንቱን እምብርት) ይከተላል። ነባሪውን የሚለውጠው ይህ ትእዛዝ በማስታወሻው ላይ ስለሚጽፍ ዳግመኛ «አፕዴት-ግራብ» ማለት አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ ያለው የዕለት ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚማሩት ሲጨርሱ ማሽኖቹ ሁሉ ኡቡንቱ ላይ ናቸው። ከመዝጋትዎ በፊት ለሁሉም «ግራብ-ሪቡት ዊንላብ» ብለው ያዝዙና ይዝጉ። ስሙ ዳግም ማስነሳት ይበል እንጂ ትእዛዙ ምንም አያስነሳም፤ ለሚቀጥለው አንድ መነሳት ብቻ ማስታወሻ ይተዋል። ጠዋት ሲያበሩ ዊንዶውስ ይከፈታል። ቀትር ላይ ዳግም ሲያስነሱ ማስታወሻው ስለተፋቀ ኡቡንቱ ይመጣል። የሒሳብ አስተማሪዎም የከሰዓቱም አስተማሪ ዝርዝሩን ሳያዩ ይውላሉ።

ይህ እንዲሠራ ግን የማዘርቦርዱን አንድ ቅንብር ያስተካክሉ። መብራት ተቋርጦ ሲመለስ ማሽኑ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ አለ፤ «ተነሳ»፣ «ጠፍተህ ቆይ» ወይም «ወደነበርክበት ተመለስ»። «ተነሳ» ተብሎ ከሆነና ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ቢመጣ፣ ያቺ አንድ ጊዜ ብቻ የተባለች ትእዛዝ ሌሊት በባዶ ክፍል ትጠፋለች። «ጠፍተህ ቆይ» ያድርጉት። ለዚህ ክፍል የሚስማማው ይህ ነው፤ ለሰርቨር ቢሆን ተቃራኒውን እል ነበር።

አሁን ግማሽ ደቂቃ ስለሚቆሙት ማሽኖች። ይህ የኡቡንቱ የራሱ ጥንቃቄ ነው፤ «ሪኮርድፌይል» ይባላል። ኡቡንቱ መነሳት ሲጀምር ግራብ ማስታወሻው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ኡቡንቱ ተነስቶ ሲጨርስ ምልክቱን ያጠፋዋል። ምልክቱ ሳይጠፋ እንደገና ከተነሳ ግራብ «ባለፈው አልተሳካም» ብሎ ያስብና ሰው እንዲመርጥ ዝርዝሩን 30 ሰከንድ ይዘረጋል። ስለዚህ ኡቡንቱ ተከፍቶ ሥራ ላይ እያለ መብራት ቢሄድ ምልክት አይቀርም። ምልክት የሚቀረው መብራቱ መጥቶ ማሽኑ በመነሳት ላይ እያለ ወዲያው ተመልሶ ሲሄድ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ይህ ብርቅ አይደለም። አንዳንዶቹ ቆመው ሌሎቹ ያለፉት በዚህ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ኡቡንቱን በማስነሳት ላይ የነበሩት ተያዙ። ከዚያም ነባሪዎ ዊንዶውስ ስለነበር ነገሩ ባሰ። ዊንዶውስ ስለዚያ ምልክት አያውቅም፣ አያጠፋውምም፤ ኡቡንቱ አንድ ጊዜ በደህና ተነስቶ እስኪጨርስ ድረስ ማሽኑ በየጠዋቱ 30 ሰከንድ እየቆመ ዊንዶውስ ሲከፍት ይከርማል። ነባሪው ኡቡንቱ ከሆነ በመጀመሪያው ደህና መነሳት ይጠራል። ጊዜውን ማሳጠር ከፈለጉ በማስተካከያ ፋይሉ ላይ የሪኮርድፌይልን የመጠበቂያ ጊዜ 10 ብለው ይጨምሩ። ዜሮ አያድርጉት፤ አንድ ቀን ከርነሉ በእውነት ሲበላሽ ያ ዝርዝር ያስፈልግዎታል።

ደጋግሜ «ማስታወሻ» ያልኩት ቡት ውስጥ ባለው የግራብ ማህደር የሚገኝ «ግራብኢንቭ» የተባለ ፋይል ነው። ልኩ ሁልጊዜ 1,024 ባይት ነው፤ የተረፈው ቦታ በመሰላል ምልክት (#) ይሞላል። በጽሑፍ አርታኢ ከፍተው አያርሙት፤ ልኩ ከተዛባ ግራብ አይቀበለውም። ማየት ካስፈለገዎ «ግራብ-ኤዲትኢንቭ ሊስት» ይበሉ። ሌላው፣ ግራብ በሚነሳበት ሰዓት ይህን ፋይል ከብዙ ዓይነት ዲስክ ላይ ማንበብ ይችላል፤ መጻፍ ግን በሁሉም ላይ አይችልም። ፋይሉ ያለበት ክፍልፋይ በኤልቪኤም ወይም በቢቲአርኤፍኤስ (ዲስክ የማደራጃ ስልቶች ናቸው) ከተዘጋጀ የአንድ ጊዜውን ትእዛዝ አንብቦ ይፈጽማል፣ ከፈጸመ በኋላ ግን ሊፍቀው አይችልም። «አንድ ጊዜ ብቻ» የተባለው በየቀኑ ይሆናል ማለት ነው። የተለመደው ኤክስት4 ከሆነ ችግር የለም። ከሥራው በፊት ይህን ያረጋግጡ።

ሁለት ነገሮችን ልጨምር። አንድ ቀን የግራብ ዝርዝር ጨርሶ ሳይታይ በቀጥታ ዊንዶውስ ከተከፈተ ከግራብ ጋር አይታገሉ፤ ግራብ አልተጠራም። ከግራብ በላይ የማዘርቦርዱ የራሱ ቅደም ተከተል አለ፤ አንዳንድ ጊዜ ከትልቅ የዊንዶውስ ዝማኔ ወይም ከማዘርቦርድ ቅንብር ማጽዳት በኋላ ዊንዶውስ እዚያ ፊት ይቀመጣል። ከቅንብሩ ገጽ ወይም ከኡቡንቱ በ«ኢኤፍአይ-ቡት-ማኔጀር» ይመልሱት፤ የዚህ ትእዛዝ ስም ሲተየብ ሰረዝ የለውም፣ መጨረሻውም ያጥራል፤ «ኢኤፍአይቡትኤምጂአር» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሁለተኛው የዊንዶውስ ፈጣን መነሻ ነው። ይህ ሲበራ «ዝጋ» ማለት ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይደለም፤ ዊንዶውስ የራሱን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያንቀላፋል። ሠልጣኞች የሚጋሩት የኤንቲኤፍኤስ (በዊንዶውስ የዲስክ አደረጃጀት የተዘጋጀ) ክፍልፋይ ካለ ኡቡንቱ ሲከፍተው እንዳይጽፍበት ይከለከላል። በ22ቱም ላይ ያጥፉት።

ይህን ሁሉ በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ይጀምሩና ሦስት ሙከራ ያድርጉ። «ግራብ-ሪቡት ዊንላብ» ብለው ሁለት ጊዜ ያስነሱት፤ መጀመሪያ ዊንዶውስ፣ ቀጥሎ ኡቡንቱ መምጣት አለበት። የኡቡንቱ ምልክት ሲታይ የማብሪያ ቁልፉን ተጭነው በኃይል ያጥፉትና ሲነሳ ስንት ሰከንድ እንደሚቆም ይቁጠሩ። በመጨረሻም ዘግተው መሰኪያውን ይንቀሉ፣ መልሰው ይሰኩ፣ ሳይነኩት አምስት ደቂቃ ይመልከቱት፤ ጠፍቶ መቆየት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ካልተሳካ የቀሩትን 21 አይንኩ፤ የትኛው እንደወደቀ ይጻፉልኝ።